ፒኤችዲው ሳይጨርሳችሁ፦ ጫና ውስጥ ራስን የመጠበቂያ ደብተር አያያዝ

ደብተር ገዝተው፣ ሦስት ቀን ጽፈው፣ በአራተኛው ቀን የተዉ የፒኤችዲ ተማሪዎች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ቡና ይዘን ቁጭ ስንል ወሬው ያው ነው። «ሞክሬዋለሁ፣ ለእኔ አይሆንም።» ደብተሩን ሲያሳዩኝ ግን ችግሩ ስንፍና እንዳልሆነ አያለሁ። ችግሩ አጻጻፉ ነው። ገጹ ሁሉ ወቀሳ ነው። «ዛሬም ምንም አልሠራሁም።» «ሰው ሁሉ ጨረሰ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ።» ማታ ማታ የሚሰድበውን ደብተር ማን ይከፍታል?

ከዚህ በታች ያለው፣ ደብተሩ ራሱ በቀን 12 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚወስድበት አሠራር ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ከደረጃ 2 ስለሚጀምር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ ተመርመሩ። ይህን ከደብተሩ በፊት ያስቀደምኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ፣ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ጭንቀቱ ጣለኝ ብዬ ደመደምኩ። ራሴን በስንፍና ስወቅስ ሰነበትኩ። ጓደኛዬ በግድ ጎትቶ ላብራቶሪ ወሰደኝ። ወባ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ድካም፣ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲመጣ «ስትረስ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም እንደ ድብርት መስለው ይመጣሉ። ደማችሁን ታዩና ከዚያ ወደ ደብተሩ ኑ።

ቀጥሎ እነዚህን አዘጋጁ፦

1. ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ቆዳ የለበሰ፣ የሚያምር አትግዙ። ያማረ ደብተር ላይ ያማረ ነገር ለመጻፍ ስትሞክሩ እውነቱ ይቀራል።

2. እስክሪብቶ። ስልክ አይሆንም። ስልኩን ከፍታችሁ ገና አንድ ቃል ሳትጽፉ ቴሌግራም ይጠራችኋል።

3. የተወሰነ ሰዓት። አዲስ ሰዓት አትፍጠሩ። ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር አያይዙት፤ ከእራት በኋላ፣ ከሶላት በኋላ፣ ልጅ ካስተኛችሁ በኋላ።

4. ዲሰርቴሽኑን (የመመረቂያ ጽሑፉን) የማትጽፉበት ቦታ። ያው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ አእምሮ ሥራው የቀጠለ ይመስለዋል። አልጋ ላይም አይሁን።

5. መደበቂያ። ሰው ያነበዋል ብላችሁ ከሠጋችሁ አትጽፉም፣ ወይም ለአንባቢ ትጽፋላችሁ። ዶርም ውስጥ ከሆናችሁ ቁልፍ ያለው ሻንጣ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን እንቅልፍ ብቻ

ደብተሩን ገና አትክፈቱ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ማሰላሰል አይችልም፤ ማሰላሰል መስሎት ያብሰለስላል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ ያነሰ ለሚተኛ ሰው ከዚህ በኋላ የምላችሁ ሁሉ ግማሹን ነው የሚሠራው።

1. የመነሻ ሰዓት ቁረጡ። የመተኛው ሰዓት ይንቀሳቀስ፣ የመነሻው ግን አይንቀሳቀስ። ቅዳሜና እሑድንም ይጨምራል።

2. የመጨረሻዋን ቡና ከ9 ሰዓት በፊት ጠጡ። ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ ብዙ ካፌይን (የቡናው አነቃቂ ንጥረ ነገር) እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቀንስ እንደሚችል ተፈትኖ ታይቷል። ለእኛ አገር ይህ ከባድ ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ «አልጠጣም» ማለት ያስቀይማል። ሂዱ፣ ቁጭ በሉ፣ ቁርሱን ብሉ፣ ጨዋታውን ተጫወቱ። ሲኒውን ግን «ሆዴን አሞኛል» ሳይሆን «እንቅልፍ እያሳጣኝ ነው» ብላችሁ እውነቱን ተናግራችሁ መልሱ። ሦስት ጊዜ ከተናገራችሁ በኋላ ማንም አይጠይቃችሁም።

3. ስልኩን ከእጃችሁ በማይደርስ ቦታ ቻርጅ አድርጉ።

4. ጾም ላይ ከሆናችሁ ከባዱን ጽሑፍ ለጠዋት አድርጉት። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ሰዎች አፋችሁን በቡና አትክፈቱ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ እህል። ረመዳን ላይ ደግሞ ከሱሁር በኋላ ያለችው ሰዓት ከቀኑ ሁሉ የጠራች ናት፣ ለጽሑፍ ያዟት።

ካልሠራ፦ ተኝታችሁ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለ አትገላበጡ። ተነሡ፣ ደብዛዛ ብርሃን ላይ ቁጭ በሉ፣ ሲያንጎላጃችሁ ተመለሱ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታችሁ ስለ ዲፌንሱ (ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ስለምትከላከሉበት ቀን) ማሰብ ከጀመራችሁ አንድ መስመር ወረቀት ላይ ጣሉና «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አየዋለሁ» ብላችሁ ጻፉበት። ጠዋት በእርግጥ እዩት። ካላያችሁት በሚቀጥለው ሌሊት አእምሮ አያምናችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሌሊት ለመጻፍ ጫት፣ ከዚያ ለመተኛት ጨብሲ የገባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ደረጃ በሦስት ቀን አያልቅም። በደብተር ብቻ ለመውጣትም አትሞክሩ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው መጠጥን በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ አደጋ ስላለው ሐኪም አማክሩ።

ደረጃ 2፦ የዕለቱ ገጽ

አሁን ደብተሩን ክፈቱ። ገጹን በአራት ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ።

1. የሆነው። ካሜራ ሊቀርጸው የሚችለውን ብቻ ጻፉ። «ቀኑ ተበላሸ» ካሜራ አይቀርጸውም። «ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተቀመጥኩ፣ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ» ይቀረጻል።

2. የተሰማኝ። አንድ ቃል፣ ከሰውነት ቦታ ጋር። እዚህ ላይ «ደበረኝ» አይበቃም። «ደበረኝ» ስንል ብዙ ነገር ነው የምንሸፍነው። ንዴት ነው? እፍረት ነው? ቅናት? ፍርሃት? ብቸኝነት? መሰልቸት? ለንዴት የሚደረገው ለብቸኝነት ከሚደረገው ይለያል፤ የተናደደ ሰው ይራመድ፣ የብቸኝነት ስሜት ያለበት ሰው ይደውል። ስሙን ሳታውቁ መድኃኒቱን አታገኙትም።

3. በእጄ ያለ፣ በእጄ የሌለ። ይህን ክፍል መሐል ላይ በመስመር ክፈሉት። ይህች መስመር ለእኛ ከሁሉም ትበልጣለች። መብራት ሲጠፋ፣ ኔት ሲቋረጥ፣ መንገድ ተዘግቶ ዳታ መሰብሰቢያው ቀበሌ መድረስ ሲያቅት፣ ተማሪው የጠፋውን ጊዜ ሁሉ በራሱ ስም ይመዘግበዋል። አትመዝግቡት። በቀኙ በኩል ጻፉትና ይቀመጥ።

4. ነገ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ። ግስ ይኑረው፣ ሰዓት ይኑረው፣ በ20 ደቂቃ የሚያልቅ ይሁን። «ምዕራፍ 3ን እቀጥላለሁ» አይሆንም።

አንድ የተሞላ ገጽ ይኸው፦

«ማክሰኞ።
የሆነው፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል ምዕራፍ 2 ላይ ነበርኩ። አንድ አንቀጽ ተኩል። ከዚያ መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ የአማካሪዬ ኮሜንት ደረሰኝ። 14 ቦታ ቀይ አለው። ሦስቱን አንብቤ ላፕቶፑን ዘጋሁት።
የተሰማኝ፦ እፍረት። ጉሮሮዬ ላይ።
በእጄ የሌለ፦ መብራቱ። የኮሜንቱ አነጋገር። በእጄ ያለ፦ የቀሩትን 11 ማንበብ። ባትሪ ሞልቶ ማደር።
ነገ፦ 2 ሰዓት ተኩል ላይ 14ቱን ኮሜንት ወረቀት ላይ በሦስት እከፍላለሁ፤ የፊደል፣ የማብራሪያ፣ የሐሳብ።»

እዩት። «ሰነፍ ነኝ» የሚል ቃል የለበትም። ግን ምንም አልተደበቀም። ላፕቶፑ መዘጋቱ ተጽፏል፣ እፍረቱም ተጽፏል። በማግስቱ 14ቱ ሲከፈሉ ዘጠኙ የፊደልና የሪፈረንስ ሆነው ተገኙ፤ በአንድ ጠዋት አለቁ። ማክሰኞ ማታ ግን 14ቱም አንድ ላይ «አትችልም» የሚሉ ነበር የሚመስሉት።

የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው፦

አንድ ቀን ዘለላችሁ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሙሉ። ቀኑን ጽፋችሁ «አልተጻፈም» በሉና የዛሬውን ቀጥሉ። ያለፈውን መሙላት የጀመረ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ይተወዋል።

ወቀሳ ብቻ ይመጣባችኋል። አትሰርዙት። ከሥሩ ሦስት ጥያቄ መልሱ፤ መቼ? የት? ምን ሳደርግ? «ምንም አልሠራሁም» የሚለው «ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ፌስቡክ ላይ ነበርኩ» ይሆናል። ይህኛው የሚያም ነው፣ ግን የሚስተካከል ነው።

ምንም አይመጣላችሁም። «ባዶ» ብላችሁ ጻፉና አራተኛዋን መስመር ብቻ ሙሉ። ተከታታይ አምስት ቀን «ባዶ» ከሆነ ወደ መጨረሻው ክፍል ሂዱ።

12 ደቂቃው 40 ሆነባችሁ። ስልኩን 12 ደቂቃ ላይ ሙሉና በደወለ ጊዜ አቁሙ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቢሆንም። ረጅም መጻፍ የደረጃ 4 ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ ውሃው ዳር 30 ደቂቃ

በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእግር ውጡ። ጣና አጠገባችሁ እያለ ክፍል ውስጥ መታፈን ያሳዝናል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ሰው ሲበዛ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለው የሐይቅ ዳር ተነሥታችሁ በዘንባባው መንገድ ተመለሱ። ጆሮ ማዳመጫ አውልቁ። ስለ ቻፕተሩ ማሰብ ከመጣ ይምጣ፣ ግን አትጻፉት።

ታንኳ የሚያቆሙ ሰዎች ካገኛችሁ ትንሽ ቁሙና ተመልከቱ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲውል ይከብዳል። ስለዚህ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውሃው አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ውሃው በእግሩ በኩል እየተንጠባጠበ ይወርዳል። የፀሐይ ጊዜ ያላገኘ ታንኳ በማግስቱ ያንኑ ጭነት አይሸከምም፤ ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ማድረቂያውን ሰዓት ከሥራው አይነጥለውም። እኔ የእግር ጉዞዬን በሥራ ሰዓት መዝገቤ ላይ መጻፍ የጀመርኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

መቀመጫ ስታገኙ አምስት ደቂቃ ተንፍሱ። በአፍንጫ ወደ ውስጥ እስከ 4 ቁጠሩ፣ ወደ ውጭ እስከ 6። የሚያረጋጋው ማስወጫው መርዘሙ ነው። ካዞራችሁ ቁጥሩን ወደ 3 እና 4 ቀንሱ።

ማስጠንቀቂያ፦

እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ለመያዝ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም።

ሲመሽ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ዳር አትሂዱ። ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው። ሩቅ ቢመስላችሁም ይሮጣል።

የዕለቱን የከተማውን ሁኔታ ሳትጠይቁ አትውጡ። መውጣት በማይቻልበት ቀን ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ 30 ደቂቃ ተመላለሱ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ደረጃ 4፦ ለከበደ ነገር፣ አራት ቀን

ይህ የየዕለቱ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ሲያንቃችሁ ብቻ ነው፤ ጽሑፋችሁ ሪጀክት ሲደረግ፣ ከአማካሪ ጋር ስትጋጩ፣ ሰው ሲሞትባችሁና ለቅሶ ሳትጨርሱ ወደ ሥራ ስትመለሱ።

አሠራሩን ጄምስ ፔኔቤከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሙከራ ፈትኖታል። ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀን፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። ውጤቱ ትንሽ ነው፣ ተአምር አይደለም። ለትንሽ ወጪ የሚገኝ ትንሽ ጥቅም ስለሆነ ግን እመክረዋለሁ።

1. ከደብተሩ ውጭ ልቅ ወረቀት ያዙ።

2. ስልኩን 15 ደቂቃ ላይ ሙሉና ሳታቆሙ ጻፉ። ፊደል አታርሙ። በእንግሊዝኛ የለመዳችሁትን የአካዳሚ ቋንቋ ተዉትና በአፍ መፍቻችሁ ጻፉ። አማርኛም ይሁን አገውኛ ወይም ሌላ፣ እናታችሁ በተቆጣችበት ቋንቋ ይሁን።

3. የመጀመሪያው ቀን የሆነውንና የተሰማችሁን ጻፉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ለምን እንዲህ እንዳመማችሁ። በአራተኛው ቀን «ከዚህ በኋላስ?» የሚለውን።

4. ስታበቁ አታንብቡ። አጥፋችሁ አስቀምጡ። ከአራተኛው ቀን በኋላ ብትቀዳድዱትም፣ ብታስቀምጡትም የእናንተ ፈንታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጻፋችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ልብ ይከብዳል። ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ልትተኙ ስትሉ አትጻፉ፤ ከስብሰባ በፊትም አትጻፉ። ሐዘኑ የሰሞኑ ከሆነ ጥቂት ሳምንታት ቆዩ፤ መጀመሪያ ከሰው ጋር አልቅሱ። እየጻፋችሁ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገሩ አሁን እየሆነ ያለ ከመሰላችሁ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። ሰው ወዳለበት ሂዱ። በዚያ ጉዳይ ላይ ብቻችሁን አትመለሱበት።

ደረጃ 5፦ የሳምንቱ ሰዓት

ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያዙ። የሳምንቱን ገጾች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። በሦስት ምልክት ብቻ አስምሩ። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን አክብቡት። ጉልበት የሰጣችሁን በኮከብ ምልክት አድርጉ። ከሌላ ሰው መጠየቅ ያለበት ነገር ላይ የጥያቄ ምልክት (?) አድርጉ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ቀይሩ።

ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም። አንዲት የማውቃት ተማሪ በስድስት ሳምንት «እፍረት» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ አከበበች። የምርምሯ ጉዳይ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ቀኖቹን ስታይ ግን አብዛኞቹ ለቅሶ፣ ሰርግ ወይም ማኅበር የሄደችባቸው ናቸው። ሁሉም ቦታ አንድ ጥያቄ አለ። «መቼ ነው የምትመረቂው?» የለወጠችው አንድ ነገር መልሷን ነው። ቀድማ አዘጋጅታ፣ ጮክ ብላ ተለማመደችው። «ቀኑ ሲቆረጥ መጀመሪያ የምጠራው እናንተን ነው። እስከዚያ በጸሎት አስቡኝ፤ ይልቅ የእናንተ ልጅ እንዴት ሆነች?» ሽማግሌዎቹ ይመርቋታል፣ ወሬው ወደ ልጃቸው ይዞራል። ቃሉ ከዚያ በኋላ በገጾቿ ላይ እየሳሳ ሄደ።

ከተሳሳተ፦ ስታነቡ ራሳችሁን መስደብ ከጀመራችሁ ገጾቹ የታናሽ ወንድማችሁ ወይም የእህታችሁ እንደሆኑ አድርጋችሁ አንብቡ። «አይዞሽ፣ እዚህ ጋር ደክሞሻል» እንደምትሉት ሁሉ በጠርዙ ላይ ጻፉ። ሰባት ነገር ለመቀየር ካማራችሁ ስድስቱን ከጀርባ ጻፉና ተዉት።

ደረጃ 6፦ ለአማካሪ መናገር

ጥያቄ ምልክት ከተደረገባቸው ነገሮች ብዙውን ጊዜ አንዱ አማካሪውን ይመለከታል። እዚህ ላይ ተማሪው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሞልቶ ሲፈስ በአንድ ጊዜ ይናገራል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። የጤናችሁን ዝርዝር መናገር ግዴታ የለባችሁም፤ «ጤናዬ ትንሽ ታውኳል» ይበቃል። በመልእክታችሁ መጀመሪያ የሠራችሁትን አሳዩ፣ ከዚያ ጠይቁ፣ ቀን ቁረጡ። እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ምዕራፍ 2ን በኮሜንትዎ መሠረት እስከ ገጽ 31 አስተካክያለሁ። ባለፉት ሳምንታት ጤናዬ ታውኮ ስለነበር ቀሪውን በተባለው ቀን ማድረስ አልቻልኩም። ሁለት ሳምንት ቢጨምሩልኝ፣ ወር ከመግባቱ በፊት ሙሉውን እልክልዎታለሁ። ቢመችዎ ሐሙስ ቢሮዎ መጥቼ 15 ደቂቃ ላነጋግርዎ? አክባሪዎ።»

መልስ ካልመጣ፦ ሰባት ቀን ጠብቁ። ያንኑ መልእክት በሁለት መስመር አስታውሱ። ከዚያም ካልመጣ ቢሮ በአካል ሂዱ። ከዚያ ሁለተኛ አማካሪ፣ ከዚያ የፕሮግራሙ አስተባባሪ። ቅደም ተከተሉን ዘላችሁ ወደ ላይ አትውጡ፤ የላካችሁትን ሁሉ ግን አስቀምጡ። በቃል የተስማማችሁትን በዚያው ቀን ማታ «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በኢሜይል ጻፉት።

ቁጣ ከመጣ፦ አትከራከሩ። «ልጻፈው» ብላችሁ የተባለውን ማስታወሻ ላይ አስፍሩ። መጻፍ ለእናንተም መተንፈሻ ነው፣ ለተናጋሪውም የተሰማ ስለሚመስለው ያበርዳል። መልሱን በማግስቱ ስጡ።

ደረጃ 7፦ አንድ ሰው

የሥራ ዘርፉ ባይገናኝም አንድ ሌላ የፒኤችዲ ተማሪ ያዙ። በሳምንት 30 ደቂቃ። አንዱ 10 ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ምክር ክልክል ነው። «እንዲህ ብታደርግ» የሚል ካለ ሰዓቱ እንደገና ይጀምራል። የቀረው 10 ደቂቃ ለጨዋታ ነው። ከተማ ውስጥ መገናኘት ካልተቻለ በስልክ። ቤተሰባቸውን ሌላ ከተማ ትተው የመጡ ይህን ደረጃ ከደረጃ 3 ጋር አብረው ይጀምሩት፤ አይጠብቁ።

ደብተሩ የማይበቃበት ጊዜ

እነዚህ ካሉ መጻፉን ትታችሁ ሰው ፈልጉ፦

ሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብ ከከበደ ወይም ድሮ የምትወዱት ሁሉ ጣዕም ካጣ። እንቅልፍና ምግብ ከተቃወሰ። ወይም ደግሞ ሳትተኙ ለቀናት ጉልበት ከሞላችሁና ሐሳባችሁ ከሮጠ። ድምፅ ከሰማችሁ። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን።

ባሕር ዳር ውስጥ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አለ። ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማሳየት ግዴታ አይደለም፣ ግን «ከመቼ ጀምሮ?» ስትባሉ ቀኑን ታገኙበታላችሁ። ጠበል የምትሄዱ ሰዎች ሂዱ፤ የታዘዘውን መድኃኒት ግን አታቋርጡ። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። «ፒኤችዲ እየተማርኩ እንዴት እዚያ እታያለሁ» የሚለው እፍረት ብዙ ሰው አዘግይቷል። በቤልጂየም ፍላንደርስ 3659 የፒኤችዲ ተማሪዎች የተካተቱበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ጤና ችግር ተጋላጭ ሆኖ አግኝቷል። ወረፋው ላይ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ጓደኛችሁ «መሞት ነው የምፈልገው» ብሎ ከነገራችሁ በቀጥታ ጠይቁት። «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አትገሥጹት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሚስጥር ለመጠበቅ ቃል አትግቡ። ብቻውን አትተዉት። ክፍሉ ውስጥ መርዝ፣ ፀረ ተባይ ወይም የተከማቸ መድኃኒት ካለ አውጡ። ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፤ መንገድ የለም ከተባለ ቤተሰብና ጎረቤት ጥሩ፣ ተራ ገብታችሁ አድራችሁ ጠብቁት። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ «አሞታል» ብቻ ብላችሁ አትቁሙ። «ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው» በሉ፣ በዚህ ቃል። ሐኪም እስኪያየው ድረስ አብራችሁት ቁጭ በሉ።